ሦስተኛውም አምስተኛውም ምክንያት እኔ ነኝ

ለወጣት ሥራ ፈጣሪዎች ማዕከል ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን፣ የተከበረ ቤተሰብዎንና ማዕከሉ ውስጥ ያለውን ባለ ኮምፒውተር የጥልፍ ማሽን በሙሉ ጤንነት እንደሚያገኛችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ማሽኑን ለይቼ የጠቀስኩት የእርስዎ ጤንነት ግድ ሳይሰጠኝ ቀርቶ ሳይሆን፣ እርስዎ ቢታመሙ ምክትል እንዳለዎት፣ እሱ ግን ምትክ እንደሌለው ስለማውቅ ብቻ ነው።

እኔ ከማዕከልዎ ማዶ፣ ከፋርማሲው ጎን ያለችው ስፌት ቤት ባለቤት ነኝ። በዚህ ላያውቁኝ ስለሚችሉ በሚያውቁኝ በኩል ልንገርዎ፤ ባለፈው ሳምንት ተማሪዎችንና ጀማሪ ነጋዴዎችን ወደ ሥራ ፈጠራና ወደ ቴክኖሎጂ የሚገፋፉና ከዚያም የሚያግዱ ምክንያቶችን በጥናት ለይተው በአዳራሹ ሲያቀርቡ፣ ለምሳሌነት መድረክ ላይ ያቆሟት ሠልጣኝ ታናሽ እህቴ ናት። ሦስተኛው ምክንያት «የቤተሰብ ድጋፍ» ነበር፤ እሱ እኔ ነኝ። አምስተኛው «ቤተሰብ ለአዲስ ቴክኖሎጂ ያለው ፍርሃት» ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ። አንዲት ሴት በአንድ ጥናት ውስጥ ሁለት ቦታ ተቀጥራ ከአንዱም ደመወዝ የማታገኝበት ዘመን ላይ ስላደረሱን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ይሁንና ከደስታዬ ብዛት ጥቂት ቅሬታዎች ስለተረፉኝ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩ኛ. ፍርሃትን በተመለከተ። ማሽኑ ከገባ ጀምሮ ከመስታወት ግድግዳችሁ ውጭ ቆሜ ስመለከተው ዘበኛችሁ «እማማ፣ ሰው እየጠበቁ ነው?» እያለ ሲጠይቀኝ ከርሟል። አንድ ቀንማ አዝኖልኝ ወንበር አወጣልኝ። ማሽኑ በራሱ ክር ሲቀይር እንዳያመልጠኝ አንገቴን አስግጌ፣ ትንፋሼ ያደበዘዘውን መስታወት በመሐረቤ እየወለወልኩ ነው ያየሁት። አጥኚዎችዎ ይህን ፍርሃት ብለው ከጻፉት፣ የዳቦ ቤት መስኮት ላይ አፍጥጦ የቆመውንም ሰው ዳቦ ፈሪ ብለው ይመዝግቡልኝ።

፪ኛ. ዕድሜን በተመለከተ። ልመዘገብ ብመጣ ሠራተኛዋ እጅግ በሚያምር ትህትና፣ ማዕከሉ የሚቀበለው ከሠላሳ ዓመት በታች የሆኑ ጀማሪዎችን ብቻ መሆኑን፣ እኔ ግን ሠላሳ አራት የሞላኝ ከመሆኔም በላይ ስፌት ቤቴን ከከፈትኩ ብዙ ዓመት ስለሆነኝ ጀማሪ እንዳልሆንኩ አስረዳችኝ። ዘበኛው እማማ ያለኝ ለካ ደንቡን አንብቦ ኖሯል። እኔ ስጀምር ማዕከሉ አልነበረም፤ ማዕከሉ ሲመጣ እኔ ጀምሬ ተገኘሁ። ሳልጠብቃችሁ ሥራ በመፍጠሬ ለደረሰባችሁ መጉላላት ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፫ኛ. ይህን ከመጻፌ በፊት ውኃ መጠጣት ነበረብኝ። ታናሽ እህቴ መርፌ አያያዝ የተማረችው እኔ እግር ሥር ቁጭ ብላ ነው፤ የመጀመሪያ ጥልፏ ዳክዬ ይሁን ጫማ እስከ ዛሬ አልተለየም። መድረክ ላይ ግን «ማን ደገፈሽ?» ብለው ሲጠይቋት «ማዕከሉ!» አለች። እርስዎ አጨበጨቡ፤ እኔም ሰው እያየኝ ስለነበር አጨበጨብኩ። ቤት ገብተን ምነው ብላት፣ «ውይ እታለም፣ አንቺማ ቤተሰብ ነሽ፤ ቤተሰብ ደግሞ ይመሰገናል እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝና በማሽናችሁ ቦርሳ ላይ የጠለፈቻትን ወፍ አወጣችልኝ።

ክቡር ሆይ፣ ባለሙያ ነኝና ገልብጬ አየኋት። የላላ ክር ፈለግኩ። የተዛነፈ ቀለም ፈለግኩ። ክንፏን በጥፍሬ ጫር ጫር አደረግኩት። እንከን አይወጣላትም። ቅሬታዬ እንግዲህ ይኸው ነው፤ እንከን አይወጣላትም። ይባስ ብለው የገዛ ደንበኞቼ ቦርሳውን እያገላበጡ «ይቺን ትንሿ ናት የሠራቻት? አንቺስ መቼ ነው የምትጀምሪው?» ይሉኛል። ለእነሱ ገና አልጀመርኩም፤ ለእርስዎ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ሁለታችሁ ተነጋግራችሁ አንዱን ብታሳውቁኝ።

፬ኛ. እያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ ረዳት ይዞ መግባት እንደሚችል፣ ለረዳት ደግሞ የዕድሜ ገደብ እንደሌለው ይህችው እህቴ ነገረችኝ። «ረዳቴ ሆነሽ ግቢያ! ክር ታቀብዪኛለሽ» አለች፤ አፏ እየሳቀ ነበር፣ ዓይኗ ግን አልቀለደም። እኔ! አፍንጫዋን የጠረግኩላት ሴትዮ፣ ክር አቀባይ! እህል አልቀመስኩም ብዬ አልዋሽዎትም፤ ግን አኩርፌ ነው የበላሁት።

በኩርፊያዬ መሐል ግን ደጋግሜ የታየኝ እህቴ አይደለችም፤ ማሽኑ ነው። ስለዚህ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ የታናሽ እህቴ ረዳት ሆኜ በዋናው በር እንደምገባ በታላቅ ትህትና አሳውቃለሁ። ክር አቀብላለሁ፤ ዓይኔ ግን ክሩ ላይ አይሆንም። እሷ የምትነካውን ቁልፍ ሁሉ በልቤ እይዛለሁ፤ ለሻይ ስትወጣ ወንበሯ ላይ እቀመጣለሁ። ለዚህ ያበቃኝ የቤተሰብ ድጋፍ አይደለም፤ የእናንተም ማበረታቻ አይደለም፤ ጥርት ያለ ቅናት ነው። ጥናትዎ ይህን ምክንያት በየትኛውም ተራ ቁጥር አላሰፈረውም። ቦታ ከጠበበ አምስተኛውን በደስታ እለቅለታለሁ።

ለማዕከሉ ረጅም ዕድሜ፣ ለራሴ ደግሞ ከሠላሳ በታች የሆነ ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

ከፋርማሲው ጎን ያለችው ልብስ ሰፊ፣
የሠልጣኝ ረዳት

ሳልረሳው፦ ጥናትዎ ወጣቶች ጋዜጣ አያነቡም ስላለ፣ እህቴ እንዳታየው ብዬ ይህን ደብዳቤ ጋዜጣ ላይ አወጣሁት። እሷን ስለ ሥራዋ ያልኳት «ይሻሻላል» ብቻ ነው። ጥናትዎ ተሳስቶ ካነበበችው ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ሁለታችንም ጉዳችን ፈላ።