የጀሪካኑን ክዳን ክፈቺ

የኔ ልጅ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ፣ በሄድሽበት ሰው ይውደድሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴም ተሽሎኛል።

የጤና ፕሮግራም መሥራት አለመሥራቱን መገምገም እየተማርሽ ነው ሲሉኝ ይህን ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። ባለፈው የታደለንን የውሃ ማከሚያ መድኃኒት የሚገመግሙ ልጆች መጥተው ነበር። ላብ በላብ ሆነው ሳይ አሳዘኑኝና «በየቀኑ እንጠቀማለን» አልኳቸው። ጎረቤቱም ሁሉ እንደዚያው። ቤት ድረስ የመጣ እንግዳ እንዴት ይፈር? መድኃኒቱ ግን ሽታው አስጠልቶን ከቁም ሳጥኑ ኋላ ተወርውሯል። እነሱም «ግሩም ነው» ብለው ሄዱ፤ ሽታውን የሚያስተካክልልን ጠፋ። ይኸው የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ ሕፃን ያልታከመውን ውሃ ጠጥታ በተቅማጥ ሆስፒታል ተኝታለች። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

አንቺ ስትገመግሚ አፋችንን ብቻ አትስሚ፤ የጀሪካኑን ክዳን ከፍተሽ አሽትቺ።

በስልክ «ጉልበትሽስ?» ስትዪኝም፣ እንግዳ እንደማሳፈር እየሆነብኝ ነው «ተሽሎኛል» የምልሽ። እግርሽን እንቅፋት አይምታው፤ ሲሞላልሽ መጥተሽ እዪኝ።

እናትሽ