የተኛው ወይን

ለእናቴ ልጅ፣ ለወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ቤትህ፣ ከብትህ፣ የዘራኸው ገብስ ደህና ነው? እኔ ወደ የካ ከወረድሁ ወዲህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወገቤን እንኳ አላመመኝም።

ይህን የሚጽፉልኝ የእንጦጦ ማርያሙ መሪጌታ ፀሐዬ ናቸው። እርግማን አልጽፍም ስላሉኝ ወሬ ብቻ እነግርሃለሁ።

አዛዥ ዓምደ ሚካኤል እንጦጦ ላይ መሬት ሲሰጡኝ ያሉትን አንተም ሰምተሃል፦ «ፈረንጁ ያመጣውን ተክል ሁሉ ሞክሪ። ለደጋችን የሚስማማ ካገኘሽልኝ መሬቱ ርስትሽ ነው።» ከአምስቱ ዓይነት አራቱን ውርጭ ፈጀው። ወይኑ ብቻ ሁለት ዓመት ዘለቀ። በጥር ቅጠሉን አራግፎ ሳለ መጥተህ አየኸው። «ተኝቷል፣ አትንካው» አልሁህ። «እንጨትም ይተኛል እንዴ? ያንኮራፋ እንደሆነ ላድምጠው!» ብለህ ጆሮህን ግንዱ ላይ ለጥፈህ ሳቅህ።

በማግስቱ አዛዡ ፊት ቆመህ «አዛዥ ዓምደ ሚካኤል ይሙት፣ ተክሉ ደርቋል፤ እህቴ የምትጦረው ማገዶ ነው» ብለህ ማልህ። በጌታው ሞት የማለን ማን ይጠራጠራል? መሬቱን ለአንተ ሰጡህ። ወይኑን ከነሥሩ ነቅለህ ገደል ጣልኸው። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ስሜ «ማገዶ» ሆነ።

የተጣለውን ግንድ ከገደሉ ስለቅም የየካው ገበሬ ኢቲቻ አገኘኝ። «እመቤት፣ ይሄ እኮ ለማገዶም አይሆን፣ ጭሱ ያሳውራል» አለኝ፤ ግን ተሸከመልኝ። ከቤቱ ጀርባ ውርጭ የማይደርስበትን ጥግ ለቀቀልኝ። በመጋቢት አቆጠቆጠ። ሦስት ዓመት ዝም አልሁ። የልጅህን ክርስትና እንኳ የቀረሁት ጠጅ ጠጥቼ እንዳላወራ ነው።

ዘንድሮ አፈራ። ዛሬ ጠዋት ኢቲቻ አንድ ቁና ሙሉ ይዞ ወደ አዛዡ ወጥቷል። ከላዩ ፈረንጁ ሲያስረክበኝ ለምልክት የናስ ሽቦ ያሰረበትን የግንድ ቁራጭ አኑሬበታለሁ። ሽቦው የታሰረው በእሳቸው ፊት ነው፤ ያውቁታል።

መሬቱን አልለመንሁም፤ ያሉትን አይረሱም። የለመንሁት አንድ ነገር ነው፦ አንተን አስጠርተው በማን ሞት እንደማልህ በሰው ፊት እንዲያስደግሙህ።

መሪጌታ «መርቀሽ ጨርሺ» እያሉኝ ነው። እሺ። ለአዛዡ ረጅም ዕድሜ ይስጥልን፤ እኔ ሞታቸውን ጠርቼ አላውቅም። አንተንም፣ ወንድሜ፣ ተኝተህ የምታድርበት ቤት አያሳጣህ።

«ማገዶ» ያሰኘኸኝ፣
እህትህ