ሳንቃ በር ላይ ያለቀስክለት እንደራሴ

አባዬ፣

እንዴት ከርመሃል ብዬ ብጠይቅህ መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ ግን መጠየቅ አመሌ መሆኑን ታውቃለህ። ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ደባርቅ ጭጋግ ውስጥ ናት፤ ከግቢው በር ወዲያ አይታይም። በጓሮ በኩል የሚያፈሰውን ጣሪያ ወንድሜ ጌትነት ቆርቆሮውን ቀይሮ ጠገነልን። በቅሎህ ጃናሞራ ሄዳለች፤ ደህና ሰው እጅ ነው የገባችው። እናቴ አልጋህን ወደ መስኮቱ አዙራ ትተኛበታለች፤ ብርሃን ፈልጌ ነው ትላለች፣ እኔ ግን አላምናትም። እንግዳ እንደ ድሮው ስለማይመጣ ጓደኞችህ አስጎብኚዎቹ አደባባይ ቆመው አላፊ አግዳሚውን ያማሉ።

አንተንም አልተዉህም። ያ የአየርላንዱ ሰው ነገር ሲነሳ ዛሬም ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እኔ ግን እየሳቅሁም ቢሆን አንድ ነገር ሳይገባኝ ቀርቷል። እስቲ እንደሰማሁት ልንገርህና የተሳሳትኩትን አንተ ታውቀዋለህ።

ያቺ አየርላንዳዊት እንግዳህ ሳንቃ በር፣ ተራራው ላይ ባለው ማደሪያችሁ፣ ከድንኳኗ ፊት ተቀምጣ ስለ አንድ የአገሯ እንደራሴ አወራችልህ። አገሯ ያኔ በእንግሊዝ ሥር ስለነበረች ሰውየው ዕድሜውን የፈጀው በእንግሊዞች ፓርላማ ውስጥ ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ አገሬ የራሷ ምክር ቤት ይኑራት። ጠብመንጃ አላነሳም። ተናገረ፣ ተከራከረ፣ ለመነ። ብዙ ቆይቶ ሕጉ ጸደቀለት፣ ንጉሡም ፈረመ። ወዲያው አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣና ሕጉ ጦርነቱ እስኪያልቅ ይቆይ ተባለ። እሱም ይሁን አለ፤ ጭራሽ የአገሩን ወጣቶች ከእንግሊዝ ጎን ተሰለፉ ብሎ መከረ። መጠበቅ የመረራቸው ሌሎች ወጣቶች ግን ጠብመንጃ አነሱ። እንግሊዞች መሪዎቹን ሲረሽኑ የሕዝቡ ልብ ከሟቾቹ ጋር ሄደ። እንደራሴው መሳቂያ ሆኖ፣ ሕጉን በሥራ ላይ ሳያየው ሞተ። ሴትዮዋ እዚህ ስትደርስ እንባዋ መጣ፤ አያቶቿ የእሱ ደጋፊዎች ነበሩና ቤታቸው ውስጥ እንደ ዘመድ ነበር የሚነሳው።

አንተ መቼ ሞተ ብለህ አልጠየቅክም። እኛ ዘንድ ሐዘንተኛ እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። በማግስቱ ጠዋት ሴትዮዋ ከድንኳኗ ብትወጣ አንተ፣ አብሳዩ፣ ጠባቂውና በቅሎ ጫኞቹ ጋቢያችሁን አዘቅዝቃችሁ በረድፍ ተቀምጣችኋል። የበቅሎዎቹ ባቄላ ንፍሮ ሆኗል። ተነስተህ እግዚአብሔር ያጽናሽ አልካት። ሰውየው ከሞተ መቶ ዓመት ገደማ እንደሆነው የገባችሁ ንፍሮው ካለቀ በኋላ ነው።

ሰዉ የሚስቀው እዚህ ላይ ነው። እኔ የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። አብሳዩ እንደሚለው ሌሎቹ እያፈሩ ሲነሱ አንተ አልተነሳህም። «ታዲያ እስከ ዛሬ አልቃሽ አላገኘም ማለት ነዋ» ብለህ ጋቢህን እንዳዘቀዘቅክ እስከ ቀትር ተቀመጥክ አሉ። ለምን፣ አባዬ? የማታውቀው ሰው፣ ያውም የተሸነፈ፣ ምንህ ነው?

ይህን የምጠይቅህ ለወሬ አይደለም። የአጎቴ ልጅ ዳባት ላይ በወሰን ጠብ ከተገደለ ወዲህ ቤታችን ደም መላሽ የሚጠበቅበት ቤት ነው። ገዳዩ እስሩን ጨርሶ ወጥቷል። ሽማግሎቹ እርቅ ሲለምኑ አንተ እሺ ብለህ ነበር፤ ቀን ሳይቆረጥ አረፍክ፣ ነገሩም ወደ ጌትነት ተሻገረ። የደረስጌ ዘመዶቻችን በየለቅሶው እሱን እያዩ ማቅራራት ጀመሩ፤ ወንድ የለም ወይ ዓይነት። ሽማግሎቹን መሸሽ አመጣ። ጠብመንጃውን ይወለውላል። አንድ ቀን ስለ ቃልህ ባነሳበት ምን አለኝ መሰለህ፤ «አባዬ ሲናገር ኖሮ ሲናገር ሞተ፣ እንደዚያ እንዳለቀሰለት ፈረንጅ።»

በንዴት የዚያን አገር ነገር መጨረሻ ከስልኬ ላይ ፈለግሁ። ጠብመንጃ ያነሱት አሸነፉ። ካሸነፉ በኋላ እርስ በርሳቸው ተዋጉ፤ በአንድ ምሽግ የተኙ ጓደኛሞች ተገዳደሉ፣ ወንድማማች በየፊናው ተሰለፈ። ሲደክማቸው ምክር ቤት ገብተው ተቀምጠው መከራከር ጀመሩ። ጌትነት ሞፈር ሲጠርብ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ይህን ነገርኩት። መጥረቢያውን አሳርፎ «የወንድማማቾቹ እናቶችስ?» አለኝ። አልተጻፈም አልኩት። ወደ ጥርቡ ተመለሰ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሎቹ ከነመስቀላቸው መጡ። እንደ ወጉ እሺ ሳንባል አንቀመጥም ብለው ዝናቡ ላይ ቆሙ። ጌትነት ደጃፉ ላይ ቆሞ አያቸው። እናቴ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባ። ጠብመንጃውን ሊያመጣ ነው ብዬ ፈራሁ፣ አባዬ። አግዳሚ ወንበሩን ይዞ ወጣ። በገዛ ጋቢው ጠረገውና «ተቀመጡ አባቶቼ፤ አባቴ ያለው ይሁን» አለ።

ዘመዶች ፈሪ ብለውታል፣ ገና ይሉታልም። ሲከፋው አየዋለሁ፤ ግን ማታ ይተኛል። አንተ እስከ ቀትር ለምን እንደተቀመጥክ ዛሬም በእርግጠኝነት አላውቅም፣ መጠየቄንም አልተውም። የማልረሳው ግን አለ። ጌትነት አግብቶ ሲወልድ፣ ልጁ አባቱን ፈሪ ሲሉት ሰምቶ እያለቀሰ ወደ እኔ የመጣ ቀን፣ የአያቱን ስም እነግረዋለሁ፤ የአባትህን እጅ ከደም የጠበቀው እሱ ነው እለዋለሁ።

ልጅህ