ድንበር የተሻገረው ሥር

ውድ ሱቺን፣

ከሞትሽ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው፤ እኔ ብዕር ያነሳሁት ገና ዛሬ ነው። እንደ ድሮሽ «አፍሽን ዝጊና ሥሪ» እንዳትዪኝ፤ ዛሬ አልዘጋም። ስጨርስ ደብዳቤውን መቃብርሽ ላይ አቃጥልልሻለሁ፤ ጭሱ ያደርስልሻል ይላሉ።

ያን የመድኃኒት እንጉዳይ፣ ፉሊንግን፣ የዘራንበትን ዓመት መቼም አትረሺውም። ያንቺ ማሳ ከጉብታው በላይ፣ የእኔ ከታች። የጥዱን ግንድ አብረን ቆረጥን፣ አብረን አደረቅን፣ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። የእንጉዳዩን ዘር ከግንዱ ጫፍ ስትለጥፊ እንደ ሕፃን ታባብዪው ነበር፤ «አይዞህ፣ ብላና ወፍር» እያልሽ። እኔ እስቅብሽ ነበር። የድንበሩ ሥራ የእኔ ድርሻ ነበር። ፉሊንግ ከመሬት በታች እንደሚሄድ፣ አሮጌ ሥር ካገኘ ተከትሎት የሰው ማሳ እንደሚገባ በመንደራችን የማያውቅ የለም፤ ለዚህ ነው ድንበር ላይ ቦይ ተቆፍሮ የተገኘው ሥር ሁሉ የሚነቀለው። ነቀልኩ። አንዱ ግን፣ ክንዴን የሚያህለው የሞተው ጥድ ሥር፣ አስቸገረኝ። ወገቤን አመመኝ። አፈር መለስኩበትና «ጨረስኩ» አልኩሽ።

በዓመቱ ጉድጓዶቼን ስከፍት ባዶ! ግንዱ ተበልቷል፣ ፉሊንጉ የለም። ያንቺ ቅርጫቶች ግን ሞልተው ፈሰዋል። ደሜ ፈላ። ገዢዎቹ ሚዛን በሰቀሉበት ግቢ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ሌባ! ጉድጓዴን ከፍተሽ ዘረፍሽኝ!» አልኩሽ።

ቀስ ብለሽ ዞርሽ። «አይልየን፣ በዚህ አፍሽ ነው?»

«አዎ፣ በዚሁ አፌ!»

«ሚያዎን ይንሳኝ፣ አልነካሁም።»

«በልጅሽ ደግሞ ትምያለሽ? አታፍሪም!»

አሁን የምነግርሽን ለማንም ነግሬ አላውቅም። እየጮህኩ ሳለ ያ ያልነቀልኩት ሥር ትዝ አለኝ። እየጮህኩ! አፌ ግን አልቆመም። ሰው ሁሉ የሚያየው አንቺን ነበር፤ ልመለስ ብል እኔን ሊያዩ ነው።

በማግስቱ ቅርጫቶችሽን ሁሉ ተሸክመሽ መጣሽና ግቢዬ ውስጥ ደፋሻቸው። «ውሰጂው። ስሜን ግን መልሺልኝ» አልሽ። ፉሊንጉን ወሰድኩ፤ ስምሽን አልመለስኩም። በረዶው ሲወርድ ሳል ጀመረሽ። በመንገድ ስትስዪ እየሰማሁ በሬን ዘጋሁ። ሌባ ብዬሽ የለ፣ ደጅሽን የረገጠ ጎረቤት አልነበረም። በረዶው ሳይቀልጥ ቀበሩሽ፤ እኔም ከሰው ኋላ ቆሜ አየሁ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል የለኝም። የባሰው ግን ቀኑ ነው። ቀትር ላይ፣ ጭጋጉ ጉብታው ላይ ሲተኛ፣ ከባዶው ማሳሽ የብረት ዘንግሽ ይሰማኛል፤ ፉሊንግ ስትፈልጊ መሬቱን እንደምትወጊው፣ ጠቅ... ጠቅ... ወጥቼ አያለሁ፤ ሰው የለም። ሐኪም ዩ ዘንድ ሄድኩ። የእጄን ትርታ ይዞ ብዙ ቆየና «አንቺ ሴትዮ፣ የሚያሳድድሽ ማን ነው?» አለኝ።

«እርጅና ነዋ!»

«እርጅናማ እኔንም ያሳድደኛል፤ እንቅልፌን ግን አልነሳኝም» ብሎ ሳቀ። «ሥር ያቀፈ ፉሊንግ ፈልጊ፣ ሥሩ መሀል ለመሀል ያለፈበትን። የበረገገ ልብ የሚመልሰው እሱ ነው።»

ባለፈው ሳምንት ድምፁ አላስቀምጥ አለኝ። የራሴን ዘንግ ይዤ ወጣሁና ከመጣበት ቦታ ላይ ወጋሁ። ስነቅለው ጫፉ ላይ ነጭ ነገር ተጣብቋል። ቆፈርኩ። የሰው ጭንቅላት የሚያህል ፉሊንግ፣ ያ ሥር መሀሉን በስቶት አልፏል። ተንበርክኬ ሥሩን በእጄ እየተከተልኩ ቆፈርኩ፤ ድንበሩን አለፈና የእኔ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ፉሊንጌ በዚህ ሥር ነው ወደ ማሳሽ የተሻገረው፣ ሱቺን።

ሐኪም ዩ ሲያየው ደስ አለው። «ይኸው መድኃኒትሽ! ቆራርጪና ቀቅይ፤ ዛሬውኑ ትተኛለሽ» አለኝ። አልዋሽሽም፣ ቢላዋ አንስቼ ነበር። ብቆርጠው እተኛለሁ፤ ምስክሩም ሆዴ ውስጥ ይቀራል። ትንሽ ቆይቼ ቢላዋውን አስቀመጥኩት።

በግዢው ቀን፣ እዚያው ሚዛኑ አጠገብ፣ ፉሊንጉን ከነሥሩ ዘረጋሁት። «ሱቺን አልሰረቀችም። ሥሩን ያልነቀልኩት እኔ ነኝ፤ የሰደብኳት ቀንም አውቅ ነበር» አልኩ። ልጅሽ ሚያዎ መቃብርሽን ለመጥረግ ከከተማ መጥታ ኖሮ እዚያ ቆማለች። ትተፋብኛለች ብዬ ነበር።

«አክስቴ» አለችኝ፣ «እናቴ ታውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«ሥሩን። የሰደቧት ቀን ተመልሳ ስትቆፍር አገኘችው። በማግስቱ ቅርጫቶቹን ያመጣችልዎትም ለዚህ ነው። ሥሩ ላይ የቀረውን ፉሊንግ ግን አልነካችውም፤ አፈር መለሰችበት። ‹ሄደሽ ለምን አታሳያትም?› ስላት፣ ‹እኔ ካሳየኋት ታፍራለች፤ ራሷ ካየችው ግን ትመጣለች› አለችኝ። ያ ሁሉ ብርድ እየገባ፣ እስክትሞት ድረስ በሩን አስቀርቅራኝ አታውቅም።»

ፉሊንጉን ለሚያዎ ሰጠኋት፤ ከነሥሩ መቃብርሽ አጠገብ ቀበረችው። እኔ ዛሬም አልተኛሁም፤ መድኃኒቱንም አልፈልግም። ቀትር ላይ ዘንግሽ ደግሞ ተሰማኝ፤ አሁን ከማሳሽ ሳይሆን ከደጄ ነው። በሬን አልቀረቀርኩም። ብርዱ ይግባ። እኔ ሳልመጣልሽ ቀረሁ፤ አንቺ ነይ።

ያቺው አፈ ክፉ ጓደኛሽ፣
አይልየን