በኃላፊው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ስለሚሠራው የወረፋ ሰሌዳ

ለተከበሩ የሶፍትዌር ሥርጭት መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ኮምፒውተርዎ እንዲሆን እመኛለሁ፤ ይኸውም የከተማው ክሊኒኮች ስክሪን ሁሉ ድርግም ብሎ ሳለ የእርስዎ ብቻ ፍክት ብሎ እንደሚውለው፣ እርስዎም አገሩ ጉንፋን ይዞት ሲያስነጥስ አንዳች ነገር ሳይነካዎት እንዲከርሙ ነው። ለቤተሰብዎ፣ ለምክትልዎ፣ እንዲሁም በሥራ ሰዓት ጠርታ ጠርታ ለምትዘጋው ስልክዎ ያለኝን አክብሮት ጨምረው ይቀበሉልኝ።

እኔ የጆሮ ክሊኒክ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። በመጠበቂያ አዳራሻችን ግድግዳ ላይ የታካሚዎችን ተራ ቁጥርና የሚገቡበትን ክፍል የሚያሳይ ስክሪን አለ፤ እሱን የሚያንቀሳቅሰውን የወረፋ ሰሌዳ ደግሞ መምሪያዎ ጃቫስክሪፕት በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጽፎ፣ በፓኬጅ አሽጎ፣ ለክሊኒኮች ሁሉ ያሰራጫል። ለማያውቁ አንባቢዎች ልንገራቸውና፣ ፓኬጅ ማለት አንድ ቤት የተጻፈ ፕሮግራም ሌላ ቤት ተጭኖ እንዲሠራ የሚላክበት እሽግ ነው። በሌላ ክሊኒክ ስክሪኑ ቢጠፋ ነርሷ ስም ትጠራለች፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። የእኛ ግን የጆሮ ክሊኒክ ነው። ነርሷ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ስትጠራ አዳራሽ ሙሉ ሰው በትሕትና አፍ አፏን ያያታል፣ ከመካከላቸውም ሰላምታ ያቀረበችላቸው መስሏቸው ጎንበስ ብለው አጸፋውን የሚመልሱ አሉ።

ስለዚህ ስክሪናችን የግድግዳ ጌጥ እንዳልሆነ ተረድተውልኝ፣ የሚከተሉትን ቅሬታዎች፣ ይቅርታ፣ የሚከተሉትን ምስጋናዎች እንዲቀበሉኝ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቨርዥን ቁጥር፣ ማለትም ፓኬጁ ስንተኛ እትም መሆኑን ስለሚናገረው ቁጥር። አንድ ፓኬጅ በነጥብ የተለዩ ሦስት ቁጥሮች እንደሚሰጡት ክቡርነትዎ ከማንም በላይ ያውቃሉ። የመጨረሻው ቁጥር ብቻ ከፍ ሲል «ብሎን አጠበቅሁ እንጂ ሌላ አልነካሁም፣ ሳትሰጉ ጫኑ» ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ከፍ ሲል ግን «ግድግዳ አፍርሻለሁና ከመጫናችሁ በፊት አንብቡ» ማለት ነው። እርስዎ ባለፈው ሰሞን የመጨረሻዋን ቁጥር በስሱ ከፍ አድርገው ሲልኩልን አምነን ጫንን። ለካስ ሰሌዳው የታካሚውን ቁጥር የሚቀበልበትን መንገድ ከነስሙ ቀይረውት ኖሯል። ያን ቀን ጠዋት በቁጥሩ ቦታ ለሁሉም «ያልታወቀ» የሚል ጽሑፍ ይወጣ ጀመር። «ያልታወቀ፣ ክፍል ሁለት» የሚለው ሲወጣ አንድ ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወደ ሐኪሙ ሲያመሩ ነርሷ በምልክት ብታስቆማቸው፣ «እኔ ነኝ እንጂ፤ እዚህ ቤት ማን ያውቀኛል?» አሏት። ምክንያታቸው ስላሳመናት አስገባቻቸው። መምሪያዎ ስህተቱን አርሞ በዚያው ቁጥር መልሶ ለማውጣት ክሊኒኮች ፓኬጁን ከሚያወርዱበት ማከማቻ ጋር ግብግብ መያዙንም ሰምተናል። አንድ ጊዜ የወጣ ቁጥር ለሁለተኛ ፓኬጅ እንደማይሰጥ ማከማቻው በስህተት መልእክት ደጋግሞ ሲነግራችሁ፣ እናንተም ደጋግማችሁ ስትሞክሩ መዋላችሁ ለጽናታችሁ ምስክር ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ባዶው እሽግ። ቀጥሎ የላኩልንን ፓኬጅ ከፍተን ብናይ በውስጡ የተገኘው የአጠቃቀም መብት የሚገልጽ ጽሑፍና ስለ ሰሌዳው የሚያወራ ማብራሪያ ብቻ ነው። ሰሌዳው ራሱ አልነበረም። ፕሮግራሙ ተዘጋጅቶ የሚቀመጥበት ፎልደር፣ በእሽጉ ውስጥ ይግቡ ከተባሉት ፋይሎች መካከል ተረስቶ ቀርቷል። የሠርግ ጥሪ ደርሶን፣ ለብሰን ሄደን፣ ሠርግ እንደማጣት ያለ ነው። ማብራሪያው ግን እውነቱን ለመናገር ያማረ ነበር፤ ሰሌዳው ፈጣን፣ ቀላልና አስተማማኝ መሆኑን ይገልጻል። ወደ ምክትልዎ ደውዬ ሁኔታውን ባስረዳቸው ረጋ ባለ ድምፅ «እኛ ጋ ይሠራል» አሉኝ። መሥራቱማ እንዴት አይሠራም? በእናንተ ኮምፒውተር ውስጥ ያ ፎልደር ድሮ እንደተዘጋጀ ተቀምጧል። ቢሆንም የምሥራቹን ስለነገሩኝ አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ትልቁና ትንሹ ፊደል፣ በአጭሩ። በላቲን ፊደል ስሙ በትልቁ የሚጀምረውን ፋይል ፕሮግራሙ በትንሹ ይጠራዋል። የእርስዎ ኮምፒውተር ሆደ ሰፊ ስለሆነ ሁለቱን አይለይም፤ ሰሌዳውን የሚያሠራው የእኛ ሰርቨር ግን ነገረኛ ነው፣ ይለያል። ስለዚህም ነገር ለምክትልዎ ደውዬ መልሱን ከመናገራቸው በፊት እኔው ጨረስኩላቸው።

አራተኛው ቅሬታዬ ለዚህ ደብዳቤ ዋና ምክንያት ስለሆነ ጥቂት ቢረዝም ይታገሡኝ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ቨርዥን ሲጫን አንዲትም የስህተት መልእክት አላሳየም። ስክሪኑ በራ፣ የመምሪያዎ አርማ ታየ፣ ከዚያ ጨለመ። ሰርቨሩ የጻፈውን ሳነብ ሰሌዳው የሚፈልገውን ፎልደር ማግኘት እንዳልቻለ ይናገራል፤ የሚፈልገውም ፎልደር በክቡርነትዎ ዴስክቶፕ ላይ፣ «አዲስ» በሚባል ፎልደር ውስጥ፣ «የመጨረሻ» በሚባል ፎልደር ውስጥ፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚባለው ነው። ቁጥሮቹን በስክሪኑ ላይ የሚስለውን የፕሮግራሙን ክፍል ሲሠሩ ከማከማቻው በማምጣት ፋንታ ከገዛ ዴስክቶፕዎ ጋር አገናኝተውት፣ ሲያሰራጩም እንደተገናኘ ለቀውታል። እነሆ በከተማው ያለ ክሊኒክ ሁሉ በየጠዋቱ ሲነሣ በመጀመሪያ የእርስዎን ዴስክቶፕ ይጠይቃል። ወንድሜ እንኳ እኔን እንዲህ አይጠይቀኝም።

በዚያ ቀን ከመጡት ታካሚዎች አንዷ አክስቴ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ የኖረች፣ አሁን ጆሮዋ የደከመባት ሴት ናት፤ የመስሚያ መሣሪያ እንዲገጠምላት ወራት ጠብቃ ተራዋ የደረሰው ያን ዕለት ነው። የልጇ ልጅ አፍ መፍታት ጀምራለች። ቤት ውስጥ ሕፃኗ አንድ ነገር ባለች ቁጥር ሁሉም በሳቅ ይፈርሳል፣ አክስቴም ፊታቸውን አይታ አብራ ትስቃለች። ለምን እንደቸኮለች ስጠይቃት «አድጋ መኮሳተር ሳትጀምር አንድ ቀን ልስማት ብዬ ነው» አለችኝ።

እኔ ሰርቨሩ ክፍል ውስጥ የእርስዎን ዴስክቶፕ ስፈልግ፣ እሷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በጨለመው ስክሪን ሥር ተቀምጣለች። ነርሷ ስሟን ደጋግማ ጠራች፤ አልሰማችም፤ ተጠርቶ ያልቀረበ ይታለፋል በሚለው ደንብ ታለፈች። ሥራ ሊዘጋ ሲል ወጥቼ ባይ ጽዳቶቹ ዙሪያዋን ወንበር ይደራርባሉ። ቀና ብላ አየችኝና፣ ምንም ቅሬታ በሌለው ድምፅ «ገና አልከፈቱም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ ቀልዱ ይቆየኝ። በጣም ተናደድኩ፤ አሁንም እንደተናደድኩ ነው። ሐኪሙን ለምኜ ለመጪው ሰኞ ተራ አስያዝኩላት፤ ሰኞ ካለፋት ደግሞ የሚቀጥለው ተራ መቼ እንደሚገኝ ሐኪሙም አያውቅም።

አምስተኛ፣ ስለ ካርቶኑ። በማግሥቱ ነርሷ ዘዴ ዘይዳ በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ ተራ ቁጥር በወፍራም ማርከር እየጻፈች፣ እጇን ሽቅብ ዘርግታ አዳራሹን ስትዞር ዋለች። አንድም ሰው ሳይታለፍ ታከመ። ወሬው መምሪያዎ ዘንድ የደረሰበት ፍጥነት ግን በጣም አስደነቀኝ፤ ከመምሪያው ከተፈቀደው ሰሌዳ ውጭ የታካሚን ተራ ማሳየት የተከለከለ መሆኑን የሚገልጽ ጥብቅ ሰርኩላር በዚያው ዕለት መጣልን። የኃላፊው ስልክ የማይነሣበት መሥሪያ ቤት ለካርቶን እንዲህ መንቃቱ ያስመሰግነዋል።

ስድስተኛና የመጨረሻ፣ ስለ መፍትሔው። ስህተቱን አግኝቼዋለሁ፤ አንድ መስመር ነው። አስተካክዬ ከነማስረጃው ልኬልዎታለሁ። ሆኖም ፓኬጁን ወደ ማከማቻው የማውጣት ፈቃድ ያለው በእርስዎ እጅ ብቻ ነው፣ የማረጋገጫ ኮዱም የሚመጣው ወደ እርስዎ ስልክ ብቻ ነው፣ እርስዎ ደግሞ ስልክዎን ዘግተው ለመስክ ሥራ ወጥተዋል። ወደ ድሮው ደኅና ቨርዥን እንዳንመለስ፣ ክሊኒኮችን እንዳያደናግር ብለው ከማከማቻው አንሥተውታል። እኔው ያረምኩትን እንዳንጠቀም፣ በመምሪያዎ ትእዛዝ የክሊኒኮች ኮምፒውተር በየጠዋቱ ያለውን ሰሌዳ አጥፍቶ አዲሱን ቨርዥን ራሱ ይጭናል። በሩን በውጭ ቆልፈው፣ መስኮቱን አሽገው፣ ቁልፉን በኪስዎ ይዘው የሄዱ ያህል ነው፤ ጥንቃቄዎ ወደር የለውም።

ይህን ሁሉ ካልኩ ዘንድ አንድ ትንሽ ሐሳብ ባቀርብ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ፓኬጁን ወደ ማከማቻው ከማውጣትዎ በፊት እዚያው ባሉበት ያሽጉት። እሽጉን ከፍተው ሰሌዳው ውስጡ መኖሩን ይዩ። ከዚያ የእርስዎ ያልሆነ ኮምፒውተር፣ የጸሐፊዎም ይሁን የጥበቃው፣ ፈልገው ባዶ ፎልደር ውስጥ ይጫኑትና ያስነሡት። እዚያ ከሠራ ያሰራጩት፤ ካልሠራ ገመናዎ በቢሮዎ ይቀራል። ይህን ለማድረግ የሚፈጀው ጊዜ ለእኛ ሰርኩላር ከመጻፍ ያነሰ ነው፣ ሻይዎም አይቀዘቅዝም።

የመምሪያዎ ኮምፒውተሮች ጤንነትና የእርስዎ የመስክ ሥራ ሁልጊዜም የተቃና እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ላላገኘነው አገልግሎት የሚገባውን ምስጋና ሁሉ ሳልቀንስ አቀርባለሁ።

ከማይለወጥ አክብሮት ጋር፣
በዴስክቶፕዎ ላይ ያሉትን ፎልደሮች በስም ለማወቅ የታደለው
የጆሮ ክሊኒኩ የኮምፒውተር ባለሙያ

ማስታወሻ፦ በጉዳዩ ላይ ከባልደረቦቼ ጋር መክረን፣ የተፈቀደው ሰሌዳ የሚሠራው በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ብቻ በመሆኑና ሰርኩላርዎንም መጣስ ስለማንፈልግ፣ ከመስክ በሚመለሱበት በዚያው ሰኞ ጠዋት ታካሚዎቻችን ሁሉ ተራቸውን ለማየት ወደ ቢሮዎ እንዲመጡ ወስነናል። ሐኪሙም ዕቃውን ይዞ አብሮ ለመምጣት ፈቃደኛ ሆኗል፤ ከጎንዎ አንዲት ጠረጴዛ ብትለቀቅለት ይበቃዋል። አክስቴ ከፊት ትቀመጣለች። ምክንያትዎን ቢያስረዷት በጨዋነት ፊት ፊትዎን ታይዎታለች፤ እንድትሰማዎት ከፈለጉ ግን መሣሪያው መጀመሪያ ይገጠምላት።