ማሰሪያ የሌለው ጫማ

ኅዳር 1፣ እሑድ

ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አልገባሁም። ጫማዬን እንዳደረግሁ ቅጥሩ አጠገብ ቆሜ አስቀደስሁ። አለምወርቅ ስትወጣ አየችኝ... ምንም አላለችም። ሚስቴን አውቃታለሁ፤ ዝም ካለች አንድ ነገር አለ።

ምን ልበላት? ክረምት ላይ ካመመኝ ወዲህ የቀኝ እጄ ጣቶች አይታዘዙኝም። ድኛለሁ ብያታለሁ። እንጀራ መቁረስ አያቅተኝም። የጫማ ክር ማሰር ግን... ቤት በር ዘግቼ፣ የታሰረውን ሳልፈታ በማንኪያ እየገፋሁ አጠልቀዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ? የቢሮ ኃላፊ!

ማሰሪያ የሌለው ጫማ ገበያው ሞልቶታል። ትናንት አንዱን አንስቼ መልሼ አስቀመጥሁት። ከገዛሁት እጄ እንደማይድን ማመኔ ነው።

ኅዳር 8፣ እሑድ

እንደገና ውጭ። ቤት ስንገባ አለምወርቅ አፍ አውጥታ ጠየቀችኝ።

"ንጹሕ ብትሆን ትገባ ነበር። ማናት?"

"ማንም የለችም።"

ደጅ የሚቀር ሰው ምን እንደሚባል ጠፍቶኝ ነው? አልጠፋኝም። ሽባ ከመባል ኃጢአተኛ መባል ቀለለኝ።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ጽጌ፣ አጥር የምንጋራት፣ ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን፣ ከቅዳሴ ስትወጣ እንደ ወትሮዋ "እንደምን አደራችሁ" አለችን። አለምወርቅ በሰው ፊት ጮኸች።

"ባሌን ደጅ ያስቀረሽው አንቺ ነሽ!"

ጽጌ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እኔስ? ቆሜ አየሁ። እጄን ኪሴ ከትቼ! እንደኔ ያለ ፈሪ አለ?

ቤት ስንደርስ ክሩን ፈታሁና አለምወርቅ ፊት ለማሰር ሞከርሁ። አልሆነም። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ "ምን አደረግኸኝ!" ብላ ራሷን ያዘች።

ኅዳር 15፣ እሑድ

አለምወርቅ የገዛችልኝን ጥቁር ጫማ አደረግሁ። እግሬን ሰደድሁት፣ ገባ። በቃ... ይኼን ያህል ነበር እንዴ? ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አወለቅሁ፣ ገባሁ፣ ስወጣ አጠለቅሁ። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

ከቅዳሴ በኋላ ጽጌ ቤት ሄድን። አለምወርቅ እግሯ ላይ ወደቀች። አነሣቻት። እኔ እጄን ዘርግቼ ሁሉንም ነገርኋት። ጣቶቼን አገላብጣ አየች።

"አቶ ተስፋነህ፣ እኔን በሰው ፊት ከሚያሰድቡኝ፣ 'ጽጌ፣ ጫማዬን እሰሪልኝ' ቢሉኝ ምን ነበረበት?"