ትርትር ብለው የጻፉት እህታችን

እህታችን የካቲት 9 ቀን 1949 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ከስፌት ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ተወለዱ። ሁለተኛ ልጅ ናቸው። የመጀመሪያው ይህን የሚጽፈው ወንድማቸው ነው። እሱ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጦ ስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠ፤ እሳቸው ተማሩ።

በ1968 ዓ.ም. በአንድ የምርምር ተቋም የባክቴሪያ ክፍል በረዳትነት ተቀጠሩ። እየሠሩም ዲግሪያቸውን ያዙ። ባክቴሪያ የሚዘራበት ክብ ሳህን ከእጃቸው ስለማይጠፋ ባልደረቦቻቸው «እትዬ ሳህን» ይሏቸው ነበር። «ክዳኔን ብቻ አትጣሉብኝ» እያሉ ይስቁ ነበር።

በ1973 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የነበሩትን ባለቤታቸውን አግብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው በ2002 ዓ.ም. ቀደሟቸው።

ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ ነገር ሲከታተሉ ኖሩ። አንድ ጂን የተበላሸበትን ባክቴሪያ ያ ጂን የሚያሠራውን ምግብ ይከለክሉታል። የተራበው ባክቴሪያ ምግቡን ራሱ ለመሥራት ያንኑ ጂን ደጋግሞ ያነባል። ለማንበብም የጂኑን የተጣመሩ ሁለት ክሮች ይፈታል። እሳቸው ያዩት፣ ስህተት የሚበዛው እዚያው በሚነበበው ቦታ መሆኑን ነው። አብዛኛው ስህተት አይጠቅምም፤ አልፎ አልፎ ግን አንዱ የተበላሸውን አቃንቶ ባክቴሪያውን ከረሀብ ያወጣዋል።

አንድ እሑድ ይህን ስፌት ቤት ተቀምጠው ሲያስረዱ፣ ወንድማቸው «ታዲያ ትርትር ነዋ!» አላቸው። በእኛ ቤት ለማስፋት የተፈታ ስፌት ትርትር ይባላል፤ ጨርቁ ክር እየተመዘዘ የሚበላሸው በዚያ በኩል ነው። «አንተ ሰውዬ፣ ቃሉን ይዘህ እኔን ስታለፋኝ ኖረሃል ማለት ነው!» ብለው ሳቁና ቃሉን ደብተራቸው ላይ ጻፉት።

በ1993 ዓ.ም. አንድ ዶክተር የክፍሉ ኃላፊ ሆኖ መጣ። ደብተሮቹን ላንብብ አላቸው፤ አዋሱት፤ አንብቦም መለሰላቸው። ቤታቸው እየመጣ ይበላ ነበር። ልጆቻቸው አጎቴ ይሉት ነበር። የሠርጉን ሱፍ የሰፋለት ወንድማቸው ነው።

በ1996 ዓ.ም. ይህንኑ የእህታችንን ግኝት የሚያወራ ጽሑፍ በውጭ አገር መጽሔት ወጣ። የዶክተሩና የሌሎች ሦስት ሰዎች ስም ነበረበት። መሐሉ ላይ በላቲን ፊደል «ትርትር» የሚል ቃል ነበረበት። የእህታችን ስም አልነበረም። ቢሮው ገብተው ሲጠይቁት፣ «እትዬ፣ ምስጋናው ውስጥ አሉ እኮ» አላቸው። ምስጋናው «ሳህን ላጠቡልን ሁሉ» ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቅጽል ስማቸው ለጠራቸው ሰው መልስ አልሰጡም።

ሥራቸውን ግን አልተዉም። በ2009 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከሳህኖቻቸው አልተለዩም።

ሁለት ዓመት በኩላሊት ሕመም ተሠቃዩ። ባለፈው ግንቦት ያ ዶክተር አበባ ይዞ ሆስፒታል መጣና ደብተሮቹን ለተቋሙ እንዲሰጡ ጠየቃቸው። «በማን ስም?» አሉት። አበባውን አስቀምጦ ወጣ። ደብተሮቹን ለሴት ልጃቸው አስረከቡ። ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በ67 ዓመታቸው ዐረፉ።

ዛሬ ሃያ ሦስቱም ደብተሮች በለቅሶው ድንኳን መግቢያ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ትርትር የሚለው ቃል አሥራ አራተኛው ውስጥ፣ ኅዳር 1985 በሚለው ገጽ፣ በእጅ ጽሕፈታቸው ይገኛል። የመጣ ሁሉ ይመልከት። እሱም መጥቶ ከሆነ ይመልከት።

ሁለት ልጆች፣ ሦስት የልጅ ልጆችና አንድ ወንድም ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በቅጽል ሳይሆን በገዛ ስማቸው ጠርቶ ይቀበልልን።